የቂም ተቆጣጣሪ

ጥፋቱ የአንዲት ፊደል ነው። የትምህርት ብድር ቢሮ ጸሐፊዋ ማመልከቻዬን ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጥ «ተበዳሪ» ማለት ሲገባት «ተበዳይ» ብላ ጻፈችኝ።

እኔ የሄድኩት መብቴን ልጠይቅ ነበር። ቅየሳ ተምሬ፣ መሬት የሚያስለካኝ ጠፍቶ፣ ጫማ ቤት ተቀጥሬ የሰው እግር እለካለሁ። ደሞዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፤ ስለዚህ ቢሮው የተማርኩበትን ብድር የሚቆርጠው ከዋሴ ጡረታ ላይ ነው። ዋሴ አባቴ ነው፤ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጥርሱ አልቆ በሾርባ የሚኖር፣ ምላሱ ግን ያላለቀ ሰው። ጥርስ ማስተከል ይመኛል፤ ጡረታው ደግሞ ለእኔ ዲግሪ ይሄዳል። ሕጉ ላይ ግን ደሞዙ ለማይበቃው ተበዳሪ ክፍያው ይቆምለታል የምትል መስመር አለች። እሷን ይዤ፣ አባዬንም አስከትዬ ነው የሄድኩት።

«ይሄ ስህተት ነው፤ ይታረምልኝ» አልኳት ጸሐፊዋን።

«እህቴ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ተቀብሎታል። እሱ ከተቀበለ እኔ ማን ነኝ? ደሞስ አልተበደልሽም?»

እውነት ለመናገር ተበድያለሁ፤ ፈረምኩላት።

ፋይሌ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ተበዳዮች ክፍል ወጣ። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ነው። ሲያገኘው መመሪያውን አነበበልን፦ የተበዳይ ቂም እስኪሽር ድረስ ከራሱም ሆነ ከዋሱ ሳንቲም አይቆረጥም።

«በዳይሽ ማን ነው?» አለኝ።

«እናንተ ትመስሉኛላችሁ።»

«ጥሩ፣ ታውቋል» ብሎ ጻፈ። «ታዲያ ይቅር ብለሻል?»

አባዬ በክርኑ ጎሰመኝና ቀድሞኝ መለሰ። «ኧረ ምን ብላ! ይቺ ከእናቷ ሆድ ስትወጣም ቂም ይዛ ነው ጌታዬ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለ ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ።

«እሷ ሁለቱንም አትሞክርም» አለ አባዬ።

እንዲህ ሆነና የአባዬ ጡረታ ሳይሸራረፍ ይመጣ ጀመር። ከጡረታው ጋር ግን የቂም ተቆጣጣሪ መጣ። በየወሩ ቤታችን እየመጣ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ የግንባሬን ሽብሽብ በማስመሪያ የሚለካ ትሁት ሰውዬ ነው። «ይቺኛዋ ባለፈው ጠለቅ ብላ ነበር» ይለኛል፤ እኔም ቶሎ አጠልቃታለሁ። ጫማ ቤት ድረስ ሄዶ ለደንበኛ ፈገግ ማለት አለማለቴን አጣርቷል። አሠሪዬ «ድሮስ መቼ ፈገግ ብላ ታውቃለች?» ብሎ መሰከረልኝ፤ በሕይወቱ የዋለልኝ ብቸኛ ውለታ ነው።

አባዬ ግማሹን ከፍሎ፣ ግማሹን በየወሩ ሊከፍል ተዋውሎ ጥርሱን አስተከለ። ሐኪሙ ክፍያው ከተቋረጠ ነቅዬ እወስደዋለሁ ብሎታል። የዚያን ቀን ተቆጣጣሪው ማስመሪያውን እየወለወለ ሳለ አባዬ በሩን በርግዶ ገባ። ጥርሶቹ ለአፉ አንድ ቁጥር ይሰፉታል። ሰላም ሊል ፈልጎ «ሸላም!» አለና ከኪሱ ጥሬ ካሮት አውጥቶ ቀጭ አደረገው። ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሳቄ መጣ። ሳቅ ብቻ ቢሆን እውጠው ነበር፤ ደስታ ነበር፣ የእውነት ደስ አለኝ። ከንፈሬን ብነክስም አልሆነም። ተቆጣጣሪው ማስመሪያውን ግንባሬ ላይ አኖረና አዘነ።

«ሽሯል። ለጤናሽ እሰየው ነው፤ ቆረጣው ግን ከዚህ ወር ይቀጥላል።»

አባዬ የቀረውን ካሮት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ እኔ ዞረ። አሁን አልተኮላተፈም፤ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አንቺን በማስተማሬ ይቆጨኛል» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት ለራሴ ብኖርበት ይሻለኝ ነበር። ምን ሆንሽልኝ? ሰው እግር ሥር ተንበረከክሽ።»

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ተቆጣጣሪው እንደገና ለካኝ፤ «ጸንቷል!» ብሎ ጻፈና የአባዬን እጅ ጨብጦ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ አባዬ ደረቱ ላይ ለጠፈኝ። «ውሸቴን እኮ ነው፣ የኔ ልጅ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሰውዬው ሊጽፍብን ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ፊቴን አላጨማድድም። አባዬ «ይቆጨኛል» ያለኝን አስታውሳለሁ፤ ግንባሬ በራሱ ይሸበሸባል፤ ጥልቀቱን ማስመሪያው አይደርስበትም።