የቀዩ ቀለም ምርመራ

በአባቴ ጸጉር ላይ ሜርኩሪ ተገኘ ሲባል ደስ ያለኝ ልጅ ነኝ። ቆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ።

አባቴ ወልደኢየሱስ ቁም ጸሐፊ ናቸው። አዘዞ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው በሸምበቆ ብዕር ብራና ሲጽፉ ኖረዋል። አሁን ለእኔ ዳዊት ጀምረውልኛል፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረውም እሱን ሲጽፉ ነው። ያያቸው ሐኪም፣ «ወይ የእርጅና የነርቭ ሕመም ነው፣ ወይ መርዝ ነው» አለኝ። «መርዝ ከሆነ ምክንያቱ ሲቆም ይሻላቸዋል። ያለዚያ ግን እየባሰ ነው የሚሄደው።» እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዱሳት ስሞችን የሚጽፉበት ቀይ ዱቄት ሜርኩሪ እንዳለበት አውቃለሁ። እንግዲህ ሰው አባቱ ተመርዞ እንዲገኝ ይመኛል? እኔ ተመኘሁ። ስለት ሁሉ ተሳልሁ።

ጸጉር ሲያድግ ሰውነት ውስጥ የገባውን ሜርኩሪ ይዞ ያድጋል። ደንቡ ከማጅራት፣ ከሥሩ መቁረጥ ነው፤ ቆረጥሁ። ባልደረባዬ እንዳልካቸው ጸጉሩን በሳሙናና በአሴቶን አጠበ፣ በአሲድ አሟሟው፣ ከዚያ ሜርኩሪውን አትንኖ ብርሃን አሳለፈበት። ትነቱ ብርሃኑን በዋጠው ልክ ቁጥሩ ይወጣል። መሣሪያው የመጣልን በሜርኩሪ ለሚሠሩ ወርቅ አውጪዎች ጥናት ነበር፤ የአባቴ ቁጥር ከእነሱ ሁሉ በለጠ።

«እርግጠኛ ነሽ የሰው ጸጉር ነው?» አለኝ እንዳልካቸው።

«የአባቴ ነው አልኩህ እኮ» ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። ግራ ገብቶት ቆመ።

አዘዞ ስደርስ ሰላም እንኳ ሳልል ቀዩን ዱቄት ከነቀለም ቀንዱ አንስቼ ቆለፍሁበት።

«ምነው ልጄ?» አሉ።

«እሱ ነው ያሳመመዎት። ሲቀር ይድናሉ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «የእመቤታችንን ስም በእሱ ነው የምጽፈው» አሉ። «ስንቱን ተማሪ በእሱ አስተምሬያለሁ። መርዝ ነው ያስጨበጥኋቸው በይኝ?»

እኔ የማስበው ስለ እጃቸው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጥቁሩ ብቻ ይጽፉ ጀመር፤ ቅዱስ ስም ጋ ሲደርሱ ቦታውን ባዶ ይተዉታል። እረፍት በሆንሁበት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሲጽፉ ጥምጥም አያደርጉም። አንድ ቀን ብዕሩ ሻከር ሲልባቸው ወደ ኋላ ወሰዱና ማጅራታቸው ላይ ካለው ጸጉር ጋር አሻሹት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጸጉሬ ላይ ያለው ቅቤ ብዕሩን ያለሰልሰዋል። ገና ዛሬ ማየትሽ ነው?»

ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ለዚህም ነው ያላስተዋልሁት። ማጅራታቸው ላይ ያለው ሽበት ቀላ ያለ ነው፤ እኔ የፀሐይ ይመስለኝ ነበር። ለካ መሣሪያው የለካው አባቴን ሳይሆን የብዕራቸውን መጥረጊያ ኖሯል። የእኛ እጥበት አቧራ ያስለቅቃል፤ በቅቤ የተለወሰ የዕድሜ ልክ ቀለም ግን ከየት ያስለቅቃል። ቢላዋውን አስቀምጬ አለቀስሁ።

«ሽንኩርቱ ነው» አልኋቸው።

ይህ ዓይነቱ ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚናገረው ሽንት ነው። ንጹሕ ጠርሙስ ሰጠኋቸው።

«ዳዊት የሚጽፍ እጅ ለዚህ ይዋል?» አሉ ጠርሙሱን እያገላበጡ። ቢሆንም እምቢ አላሉኝም።

እንዳልካቸው ደጋግሞ ለካው። ቁጥሩ ከማንም ጤነኛ ሰው ያልበለጠ ነበር። «ደስ አይልሽም?» አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

በሚኒባሱ መንገዱን ሁሉ ቃል ስመርጥ ሄድሁ፤ ቤት ስገባ አንዱም አልቀረልኝም። «አባ፣ ቀዩ አይደለም» አልኋቸው። «ሰውነትዎ ውስጥ አልገባም። የእርጅና ነው። መድኃኒት ያስታግሰዋል እንጂ እጅዎ እንደ ድሮው አይሆንም።»

«ቀዩ አይደለም?» አሉ። «ተማሪዎቼም?»

«ዕድሜ ልክዎን ይዘውት እርስዎን ያልጎዳ እነሱን አይጎዳም። ብቻ ብዕሩን ወደ አፋቸው እንዳያስጠጉ ይንገሩልኝ።»

«ተመስገን» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ተናደድሁ። «ምኑ ነው ተመስገን? እጅዎ አይድንም እያልሁዎ።»

«ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ ሕሊና። እጅ ያረጃል፤ ሸጋ አድርጎ አገልግሎኛል። ይልቅ ቀለሜን አምጪ።»

ቁልፉን ከፍቼ አመጣሁ። ዱቄቱን በጠበጡና የሥላሴንና የእመቤታችንን ስም በየባዶው ቦታ እየተንቀጠቀጡ ሞሉ። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ከዚያ ለዳዊቱ ባለቤት የሚጸለየው ጸሎት ጋ ደረሱ፤ «ዕቀባ ለአመትከ» ይላል፣ አገልጋይህን ጠብቃት ማለት ነው። ቀጥሎ ባዶ ነው። የእኔ የክርስትና ስም የሚገባበት ነው።

«ይችን ብቻዬን አልችላትም» አሉ። «ያዥኝ።»

እጃቸውን በእጄ ያዝሁ። መዳፌ ውስጥ እንደ ጫጩት ይንቀጠቀጣል። «ወለተ» ብለን ጻፍን፤ ተጣመመብን። ከዚያ ብዕሩ ሻከረ። ክንዳቸው ደክሞ ነበርና ወደ ማጅራታቸው አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ብዕሩን ወደ እኔ ጸጉር አስጠጉት። ጎንበስ አልሁላቸው። ቀስ ብለው አሻሹትና «ኪዳን» የሚለውን አብረን ጨረስን።