የፈታሹ አፍ

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ልትወስድ ስትመጣ፣ ከማዕከሉ በር ሳትደርስ ሳቅ ሰማች። የአንድ ሰው ሳቅ አይደለም፤ ወርክሾፑ በሙሉ ነው የሚስቀው። ከመግባቷ በፊት በመስኮቱ አጮልቃ አየች።

ወንድሟ ተሠርቶ ያለቀ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰውነቱ እንደ ልማዱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ክንዱ በአንድ በኩል፣ አንገቱ በሌላ በኩል ይሄድበታል። አፉን እያጣመመ አንድ ነገር ተናገረና ተረከዙን መሬት ላይ መታ። አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የወንበር መቀመጫ በገመድ የምትሠራው ዓይነ ስውር ሴት፣ ጎንጓኟ፣ እጇን ከሥራዋ ሳታነሳ፣

«‹ይሄን ወንበር የሠራው ሰውዬ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የመጣው፤ አንደኛው እግር አኩርፏል› ይላል» አለች።

ሳቁ እንደ አዲስ ፈነዳ። ወንድሟን ደግፈው አነሱትና አናጢው ወንበሩን ገልብጦ አየው። እውነትም አንደኛው እግር ላልቷል።

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። «ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣውም» አለች በልቧ። ግን ወጥቶታል፤ በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች።

ወንድሟን ከልጅነቱ ጀምሮ እጅ እግሩ አይታዘዙትም። ምላሱም እንደዚያው ነው፤ ላልለመደው ሰው የሚያቃስት እንጂ የሚናገር አይመስልም። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ቃሉን ለይታ የምትሰማው እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪም ቤት ስትወስደው፣ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ጎረቤት በር ላይ ሲቆም፣ አፉ እሷ ነበረች። ለትዳር የጠየቃት ሰው «ወንድምሽስ?» ቢላት፣ «እሱ የሌለበት ቤት አልገባም» ብላ መልሳዋለች።

ታዲያ ቃሉን እንዳለ አታወጣውም ነበር። የጨርቅ ጠርዝ እንደምትዘመዝመው፣ የወንድሟንም ንግግር ትዘመዝመዋለች። አክስታቸው መጥታ አልነሳ ስትል፣ እሱ «ይቺ ሴትዮ ዛሬ እዚህ ልታድር ነው እንዴ?» ካለ፣ እሷ «አክስቴ ደክሟት ይሆናል፣ ትረፍ አለ» ትላለች። አክስትየዋም «ወይ ጨዋነት! አንጀቴን በላው» ብላ ከንፈሯን ትመጣለች። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሰውየውን የሚያውቀው በዚህ ጨዋነቱ ነው። ልብስ ሰፊዋም ውለታ የዋለችለት ይመስላት ነበር።

ወደ ማዕከሉ ያመጣችው ራሷ ናት። አካል ጉዳተኞች ተሰብስበው እንጨትና ገመድ የሚሠሩበት፣ የእጃቸውን የሚበሉበት ቤት ነው። ያቋቋመው አንድ እግር የሌለው አናጢ ነው፤ በክራንች ይሄዳል፤ የመጋዝ ማሽን ለዓመታት ሲጮህበት ኖሮ ጆሮውም ደክሟል። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ፀሐይ እየሞቀ ሰው ቢያይ ብላ ነው ያመጣችው። የመጀመሪያ ቀን የተቀመጠበት ወንበር ከሥሩ ተበታተነ። ወንድሟ ከወደቀበት ሆኖ «ይሄንንማ የሚሸጡት ለጠላታቸው ነው» አለ። እሷ ቀበል አድርጋ «ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል» አለች። አናጢው ግን የራሱን ሐሳብ ያሰላስል ነበር።

«ይሄን ሰውዬ የቻለ ወንበር፣ ማንንም ይችላል» አለ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ያልተቀመጠበት ወንበር ከወርክሾፑ አይወጣም። ስሙንም ፈታሹ አሉት።

ጎንጓኟ ቋንቋውን ለመልመድ አንድ ክረምት አልፈጀባትም። እንዴት ቻልሽው ሲሏት፣ «እናንተ አፉ ሲጣመም ታያላችሁ፤ ስታዩ ትደነግጣላችሁ፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ አይሰማም። እኔን የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም» አለች። ከእሷ ጋር አንድ ደንብ አወጡ፤ ፈታሹ ተናግሮ ሲጨርስ ተረከዙን መሬት ላይ ይመታል። ተረከዙ ሳይሰማ ማንም አይመልስለትም፤ ማንም አይጨርስለትም።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ልብስ ሰፊዋ ነገሩን በሆዷ ልትይዘው ሞከረች። አልቻለችም።

«ለእኔ እንዲህ ቀልደህ አታውቅም» አለችው።

«ቀልድ ስነግርሽ፣ እትዬ፣ እንደ ሸሚዝ ትተኩሺዋለሽ። ስትጨርሺ እጥፋቱ ሁሉ ጠፍቶ አገኘዋለሁ።»

«እሷስ?»

«እሷማ እንደ ተጨማደደ ነው የምታወጣው።»

«እሷማ» ያለበት አነጋገር ነው አንጀቷን ያቃጠለው። ቤት ስትገባ ሳህኑን ከሳህን አጋጨችው። ራት አቅርባ ልታጎርሰው ስትል ማንኪያውን ጠየቃት። እጀታው ላይ ገመድ ተጠምጥሞበት የወፈረ፣ ለጣቶቹ እንዲመች ሆኖ የተሠራ ማንኪያ ነው። የሠራችለት ጎንጓኟ ናት።

«እኔ ምን አውቄ የት እንዳደረግከው?» አለች።

ማንኪያው ያለው በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ነው። ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠጋች። አፉን ዘጋ።

«ብላ እንጂ! እጄ አስጠላህ?»

«አልራበኝም።»

ምግቡ እየቀዘቀዘ ተፋጠጡ። በመጨረሻ ተነስታ መሳቢያውን ከፈተችና «እዚህ ነው ለካ» አለች። እሱ ማንኪያውን ተቀበላት። ግማሹን እያፈሰሰ፣ ግማሹን እየጎረሰ፣ ሳህኑን ባዶ አደረገው።

ከዚያ በኋላ የሚዘመዘመውን ልብስ በዘንቢል እየያዘች ማዕከሉ ውስጥ ትውል ጀመር። «ለብቻዬ ቤት ውስጥ ይጨንቀኛል» አለች። ዓይኗ ግን መርፌዋ ላይ አልነበረም። ጎንጓኟ ስትስቅ ለምን እንደሳቀች፣ ወንድሟ አንገቱን ወደ ማን እንዳዞረ ትቆጥራለች። ዓይነ ስውሯ ፀጉሯን በጥንቃቄ ተሠርታ ስትመጣ፣ «ለማን ነው?» ትላለች በሆዷ፤ «ራሷ አታየው።»

አንድ ቀን አናጢው ፈታሹን ስለ አንድ ወንበር ጠየቀው። ፈታሹ ገና መናገር ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ከማዕዘኗ ቀድማ «ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነው ይላል» አለች።

ጎንጓኟ ራሷን ቀና አድርጋ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተረከዙን አልሰማሁም» አለች። በትሕትና ነው ያለችው፤ የባሰውም ትሕትናዋ ነው። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ጣቷ ውስጥ ሰካችው።

እንዲህ እያለ፣ ማዕከሉ ለአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ወንበር እንዲሠራ ሥራ አገኘ። አናጢው ክራንቹን እየጎተተ እህትና ወንድም ወዳሉበት መጣ። ጎንጓኟ ገመድ ልትመርጥ ወጥታለች።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለው ፈታሹን። «መኪናው የሚጫነው ገና ሳይነጋ ነው። ስትመጣ አትደርስም። ከኋላ ያለውን ክፍል አዘጋጅተንልሃል። ሳምንቱን እዚህ እደር፤ ዓርብ ዓርብ ቤትህ ትሄዳለህ። ርክክቡም በአንተ እጅ ይሁን፤ አልፏል ያልከው ይጫናል፣ ወድቋል ያልከው ይመለሳል። ምን ትላለህ?»

ፈታሹ ከመቼውም ይልቅ ተንፈራገጠ። ደስ ሲለው እንደዚያ ነው። ቃሉን አንድ በአንድ እየታገለ አወጣው። «እሺ በያቸው። እንደዚህ የሚለኝ ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ነበር። ቁልፉ ይሰጠኝ።» ተረከዙን መታ።

አናጢው መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ወደ እህትየው ዞረ። «ምን አለ?»

ልብስ ሰፊዋ የታጠፈ አልጋ ታያት። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ ታያት። ጎንጓኟ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የክፍሉን በር ስታንኳኳ ታየቻት።

«‹ይቅርብኝ፤ ቤቴ ይሻለኛል› ይላል» አለች።

ተረከዙ መሬቱን መታ። ደጋግሞ መታው።

«አሁንስ?»

«ደክሞኛል፣ እንሂድ ነው የሚለው።»

አናጢው አዘነ። ከተደገፈበት ተነሳና «እንግዲህ ፈቃዱ ነው» ብሎ ሄደ።

በመንገድ ላይ ወንድሟ አላናገራትም። ቤትም ገብቶ አላናገራትም። በማግሥቱም እንደዚያው። «ውሃ ልስጥህ? ቀዝቀዝ አላለህም?» ትለዋለች፤ ግድግዳውን ያያል። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞች «ወንድምሽ ደህና ነው? ምን ይላል?» ሲሏት የምትለው አጣች። ከልቧ ፈጥራ እንዳትናገር፣ እዚያው ተቀምጦ ያያታል።

ማዕከሉ በደረሱ ቁጥር ‹ነግሯታል› እያለች የጎንጓኟን ፊት ታያለች። ጎንጓኟ ግን «እትዬ፣ ደህና አደሩ?» ትላታለች እንደ ወትሮው። አልነገራትም። ለምን እንዳልነገራት አልገባትም፤ ቢነግራትና ቢገላገሉ ይሻል ነበር።

ወንበሮቹ ሊጫኑ ሲቃረቡ አናጢው ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ፈታሹ ክፍሉን ስላልፈለገ፣ ርክክቡን ወፍራሙ ቀለም ቀቢ ይዞ እዚያ እንዲያድር ማሰቡን ተናገረ። «ተቃውሞ ያለው?» አለ።

«እትዬ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ፈታሹ ለእህቱ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው። ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ በእቅፏ የነበረው ልብስ መሬት ወደቀ። ጎንጓኟ የድምፁን ለውጥ ሰምታ፣ «እኔ ልንገርልህ?» አለችው።

«አይሆንም» አለ። «እሷው ትበለው።» ከዚያ አናጢውን እያየ፣ «እህቴ ዋሽታብኛለች» አለና ተረከዙን መታ።

አናጢው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ምን አለ?»

ልብስ ሰፊዋ የወደቀውን ልብስ አነሳች። «ባለፈው… ትንሽ አለመግባባት ነበር ነው የሚለው።»

«አትተኩሺው!» አለ ወንድሟ።

ጎንጓኟ ሰምታለች። ሁሉን ሰምታለች፤ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ቃሉ ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ ቀረ።

«‹እህቴ ዋሽታብኛለች› ይላል» አለች ቀስ ብላ።

«ኧ? ጮክ በይ፣ እህቴ!»

«‹እህቴ ዋሽታብኛለች!›» ድምፅዋ መንገድ ድረስ ወጣ። አንድ አላፊ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አያት።

ወንድሟ አልቆመም። እሱ ይናገራል፤ ተረከዙ ይመታል፤ እሷ ታወጣዋለች። «‹ክፍሉን እፈልጋለሁ፤ ያኔም ፈልጌ ነበር።›» «‹ጋሼም ጆሮዎን ይታከሙ፤ ዕድሜዬ በእርስዎ ጆሮ ሊያልፍ ነበር።›» እዚህ ላይ ከኋላ ሰው ሳቀ። «‹ቀለም ቀቢው ወዳጄ ነው፤ ግን ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደ ጆንያ ነው። ወንበሩ ተጨፍልቆ ይተኛል እንጂ አይፈተንም።›»

ቀለም ቀቢው ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እውነቱን ነው! ገና ሳይነጋ ማን ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ።

የልብስ ሰፊዋ ፊት በሐፍረት ነዷል። ቢሆንም አንድ ነገር አስተዋለች። የሚያስቀው ቃል ከእሷ አፍ ነበር የወጣው፤ ሰዉ ግን የሚያየው ወንድሟን ነው። እሷ ከመሐል የለችም። ጎንጓኟ ይሄን ስታደርግ እንዴት ቀላል አስመስላው ነበር! ይህም አናደዳት።

አናጢው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በገመድ አሰረና ፈታሹ አንገት ላይ አጠለቀው። በክራንቹ ሲያልፍ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ነካ አድርጎ ሄደ።

እሑድ ዕለት ፍራሹንና ልብሱን ይዛ መጣች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት አለው፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። ጎንጓኟ ቀድማት ገብታለች። ከቤት የመጣውን አንሶላ ተቀብላ በመዳፏ እየዳሰሰች አነጠፈችው፤ ማዕዘኑን ሰብስባ ከፍራሹ ሥር ወተፈችው። ልብስ ሰፊዋ እጇን አጣምራ ቆማ አየቻት። ፈታሹ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሁለቱንም ያያል። አናጢው መዝጊያውን ያስተካክላል።

ፈታሹ እህቱን ጠራት። ጠጋ ስትል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጢሜን አንቺው እየመጣሽ ላጪኝ። ይቺ ምላጭ ይዛ ስትመጣ አይታየኝም» አላት። ተረከዙን መታ።

አናጢው ከበሩ ቀና አለ። «ምን አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አየች። «ይሄኛው ለእኔ ነው» አለች። «አይተረጎምም።»

አናጢው ወደ ጎንጓኟ ዞረ። «አንቺስ? ምን አለ?»

ጎንጓኟ አንሶላውን ለመጨረሻ ጊዜ በመዳፏ ዳሰሰችው። ሁለት ክፍል አልፎ ገመድ ሲላላ የምትሰማ ሴት ናት።

«እኔ አልሰማሁም፣ ጋሼ» አለች፤ ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ ነበር። ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

መስማቷን ልብስ ሰፊዋ አወቀች። አናጢውም ክራንቹን አንስቶ እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ አንሶላውን ከፍራሹ ላይ ገፈፈችና፣ ራሷ ቤት እንደምታነጥፈው አድርጋ እንደገና አነጠፈችው።