የጃሊ ሲሪፎ ቅኝት

«ይሄ ሰነፍ ሰባት ቀን ሙሉ ተኝቶ አልጠገበም?» አለ ፓቴ፣ ገና ከግቢው በር ሳይዘልቅ። «ተነስና እንግዳ ተቀበል እንጂ!»

ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ፓቴ የፉላ ጎሳ ሰው ነው፤ ሟቹ አዝማሪ፣ ጃሊ ሲሪፎ፣ ማንዲንካ። ሁለቱ ወገኖች በተገናኙ ቁጥር መሰዳደብ ወግ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስድብ ሳይዝ የመጣ ፉላ ሐዘንተኛውን እንደናቀ ይቆጠራል።

የሟቹ ልጅ ቲዳ ግን አልሳቀችም። የሰባተኛው ቀን ጸሎት አልቋል። ኢማሙ ለቅሶ ላይ ሙዚቃ ስለማይወዱና ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቁ፣ በስጦታ የተሰጣቸውን የኮላ ፍሬ ይዘው፣ እንዳላዩ ሆነው ወጥተዋል። በዚህ መንደር ጃሊ ሲሞት በሰባተኛው ቀን ኮራ በሚሉት በገዛ የክር መሣሪያውና በገዛ ቅኝቱ ይሸኛል። ለዚሁ ብሎ ከዳካር የመጣው ወንድሟ ሳና ኮራውን ታቅፎ ተቀምጧል።

የክረምቱ እርጥበት ሃያ አንዱንም ክር አላልቶታል። ሳና የኮራው አንገት ላይ ያሉትን የቆዳ ቀለበቶች ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ሳበ፣ መታ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«የአባባን ቅኝት ላገኘው አልቻልኩም» አላት በሹክሹክታ። «አንቺ አብረሽው ኖረሻል። አታስታውሽውም?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች። መዋሸቷ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሪፎ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው። ሲድን ጆሮው አብሮት አልዳነም። አንድ ጠዋት አንዲቱን ክር ደጋግሞ ሲመታት አየችው፤ ከዚያ ኮራውን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የማይሰማ ጃሊ ማን ሠርግ ላይ ይጠራዋል? በእነሱ ቤት ሴት ልጅ ትዘፍናለች እንጂ ኮራ አትነካም። እሱ ግን በሩን ዘግቶ መቃኘት አስተማራት። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እሷ ትቃኛለች፣ እሱ ይጫወታል፤ ጣቶቹ ምንም አልረሱም። ሠርግ ቤት አጠገቡ ተቀምጣ መጀመሪያውንና ማብቂያውን ጉልበቱን በመንካት ትነግረዋለች። ጎረቤት እንዳይጠረጥር አንድ ቀን እንኳ ጮክ ብላ አነጋግራው አታውቅም። «ብሞትም ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ አስምሏታል።

አሁን ኮራውን ከተቀበለች ምስጢሩ ይወጣል። ካልተቀበለች አባቷ በሌላ ሰው ቅኝት ሊሸኝ ነው። እጇን ጭኗ ሥር ደበቀች።

«አንተ ደግሞ ምን ታሰቃየዋለህ?» አለ ፓቴ ሳናን። «ለሷ ስጣት! ያ ደንቆሮ ዘጠኝ ዓመት የኖረው በሷ ጆሮ አይደል?»

ቲዳ ፓቴ ላይ አፈጠጠች።

«ምን እንዲህ ታይኛለሽ? አንድ ቀን ከኋላው ሆኜ ‘አንተ የፍየል ጢም’ ብዬ ሰደብኩት፤ ዝም አለኝ። ሲሪፎ ስድብ የሚያሳልፍ ሰው ነበር? ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን እያየ፣ ቀስ ብዬ ነው የምሰድበው።» ድምፁ ተሰበረ። «ደክሞኛል በአላህ!»

«እኛስ ጉልበቱን ስትነኪው አይተን አይደል?» አለች ከሴቶቹ አንዷ። «ልጄን ስድር የጠራሁት አውቄ ነው። ሌላ ጃሊ ጠፍቶ መሰለሽ?»

ቲዳ አንድ በአንድ አየቻቸው። የአባቷን ክብር ብቻዋን የተሸከመች ይመስላት ነበር፤ መንደሩ ሁሉ አብሯት ይዞ ኖሯል። እሱም ሳያውቅባቸው፣ ኮርቶ ሞተ። እጇን ከጭኗ ሥር አወጣች።

«አላህ ይስጥልኝ» አለች። «ለሁላችሁም አላህ ይስጥልኝ።»

ኮራውን ተቀብላ በሰው ሁሉ ፊት ትቃኝ ጀመር። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ገፋች፣ አዳመጠች፣ መለሰች። ሳና አጠገቧ ተንበርክኮ ጠበቀ።

የመጨረሻው ክር ልክ ሲገባ ቲዳ ብድግ አለች። ወደ አባቷ ክፍል ዞራ ሁለት መዳፎቿን አፏ ዙሪያ አደረገች፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸችለት።

«አባባ! ቅኝትህ ደርሷል! አባባ!»