የወርቃማው ዘመን ስፌት

ሀሴት አሮጌው መጽሔት የተሰፋበትን ክር ጫፍ በምላጭ ነካ አደረገችው። ወረቀቱ ከሙጫው ጋር ተልጦ መጣ። እጇን ሰበሰበች።

"ምነው? አልጠበቀም እንዴ?" አሉ አባቷ አቶ በዛብህ፣ ባሕር ማዶ ሬኒየር ቢች ሰፈር ካለው ጠባብ አፓርታማቸው ሶፋ ላይ ሆነው።

አቶ በዛብህ ቡታጅራ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲጠብቁ የተገነጠለ መጽሐፍ አይተው አልፈው አያውቁም። ትናንት ልጃቸው ከሥራ ያመጣችውን አሮጌ የጀግኖች ኮሚክ፣ በሥዕል የተተረከ መጽሔት፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያገኙት አንጀታቸው አልቻለም። የዛገውን ሽቦ ነቀሉ፤ በነጭ ክር ሰፉ፤ ጀርባውን በሙጫ አጣበቁ፤ የተቦጫጨቀውን ጠርዝ በመቀስ አስተካክለው በካኪ ወረቀት ለበዱት። ደግ ሰው ሲሳሳት አሳምሮ ነው።

"ጠብቋል አባዬ" አለች። እንባዋ መጣ።

የምትሠራበት የጋሽ መልከጸዴቅ የኮሚክ መደብር ካፒቶል ሂል ላይ ነገ ኤግዚቢሽን ይከፍታል። አራት የኮሚክ ዘመን፣ አራት የመስታወት ሣጥን፦ ወርቃማው፣ የብሩ፣ የነሐሱና ዘመናዊው። ለኋለኞቹ ሦስቱ ቅጂ ሞልቷል። ለወርቃማው ግን ያለችው ይቺ ብቻ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጆች ኮሚካቸውን ለወረቀት መዋጮ ሲያስረክቡ የተረፈች ናት፤ ለጋሽ መልከጸዴቅ በአደራ ያዋሷቸውም አንዲት አሮጊት ናቸው። በዚህ ሙያ ዝገቱም ቅዳጁም እንዳለ ይከበራል፤ የተጠጋገነ ማንም አይፈልገውም። ሀሴት ደግሞ መግለጫ ልጽፍባት ብላ ሳታስፈቅድ ነው ያመጣቻት። ሥራዋ አለቀለት። ጋሽ መልከጸዴቅስ አሮጊቷን በምን ዓይን ያይዋቸዋል?

ስልኳ ጮኸ።

"ሀሴት፣ የወርቃማው ሣጥን ባዶ ነው! ሶ፣ አንቺ ጋ ነው አይደል?" አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ።

"አዎ ጋሼ። ሶሪ። ግን... ተሰፍቷል።"

"ምን? ማን ነካው?"

አሮጊቷ ሲሰጡን እንደዚህ ነበር ማለት ይቻላል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"የሰፋሁት እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ? አራት ዓመት ሙሉ 'ኖ ቴፕ፣ ኖ ግሉ፣ ፕላስተርም ሙጫም እንዳይነካው' እያልሽ ደንበኛ ስትቆጪ የኖርሽው?"

አቶ በዛብህ ተነሥተው አጠገቧ ቆመዋል። ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

"ልጄ፣ አበላሸሁብሽ እንዴ?"

ልትዋሻቸው ፈለገች፤ አቃታት። አንገቷን ደፋች።

"ስልኩን አምጪው።"

"ተው አባዬ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።"

"እኔ ሰፍቼ አንቺ ልትወቀሺ? አምጪው አልኩሽ።"

መዝጋት ትችል ነበር። ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።