የሲላስ መርዶ

ወንድሜ ሲላስ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መስታወት ክፍል ውስጥ፣ ስልሳ ቀን ብቻውን ተቀምጦ የቴሌቪዥን ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። ስልክ የለ፣ ሰዓት የለ፣ ወሬ የለ፤ ከውጭ የሚሰማው የአዘጋጆቹን ድምፅ በስፒከር ብቻ ነበር። አገር በቴሌቪዥን ያየዋል፤ እሱ ማንንም አያይም። ይኼን ጨዋታ ብለው ያወጡትን ልብ ይስጣቸው።

እናታችን ብዙነሽ፣ ወናጎ ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ፣ ማታ ማታ በርጩማዋን ስባ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች። ሲላስ ከመተኛቱ በፊት ካሜራውን እያየ "እማዬ፣ ደህና እደሪ" ይላታል። እሷም "ደህና እደር፣ የኔ ጌታ" ሳትለው አትተኛም። በአርባ አንደኛው ቀን ቡና ስትለቅም ወደቀች። ሐኪም ቤት ልናደርሳት ያሳፈርንበት ሚኒባስ ዲላ ሳይገባ እናታችን አረፈች።

አዘጋጆቹ መሞቷን ሰምተው ደወሉልኝ፤ "እንንገረው ወይ?" አሉ።

"በፍጹም!" አልኩ። "መርዶ በስፒከር አይነገርም። ባዶ ክፍል ውስጥ ማን ይይዘዋል? ሲወጣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዘን፣ በወጉ እናረዳዋለን።"

አስወጡት ማለት ትዝ አላለኝም። ውሸቴን ነው፣ ትዝ ብሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፤ እንዲያሸንፍልኝ ፈለግኩ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት አቃተን። ሲላስ ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ሲመሽ "እማዬ፣ ደህና እደሪ" ይላል። ያን ጊዜ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል።

በወጣ ማግስት ዲላ፣ አጎታችን ቤት፣ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ አረዱት። ያኔውኑ እንዲነገረው ቤተሰቡ ለምኖ አዘጋጆቹ የከለከሉት መሰለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ረገማቸው፤ እኔም አብሬ ረገምኩ።

ዘንድሮ ቤቴል የምትባል ልጅ ስለዚያ ፕሮግራም ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ መጣች። ሲላስ ሁሉን ነገራት፣ አለቀሰላት። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ካሜራዋ ፊት ተቀመጥኩና "አዘጋጆቹ ናቸው የከለከሉን" ብዬ ዋሸኋት። ባለፈው ሐሙስ ደወለችልኝ።

"እትዬ አልጣሽ፣ የዚያን ቀን የስልክ ንግግር ተቀርፆ ኖሯል። ድምፅዎ አለበት። ልተወው አልችልም፤ ፊልሙ ቅዳሜ ዲላ ይታያል፣ ሲላስም ይመጣል።"

ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። ዝም ብል ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ በስፒከር ሊሰማው ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሄጄ የሲላስን በር አንኳኳሁ። ከፍቶ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም አልሞተም። ግባና ተቀመጥ።"

ምንም ሳላስቀር ነገርኩት፤ እንዲያሸንፍልኝ መፈለጌን ጭምር።

"ደህና እደሪ ስላት ታዪኝ ነበር?"

"በየማታው አይቼሃለሁ።"

"ማን ይመልስልኝ ነበር?"

"እኔ። 'ደህና እደር፣ የኔ ጌታ' እልህ ነበር፤ ልክ እንደ እሷ።"

ይሰድበኛል፣ ያባርረኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እንደ አዲስ ያለቅስ ጀመር። ሽማግሌ ይዤ አልመጣሁም። የሚይዘው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እጄን ስዘረጋ ግን ገፋው።