ለመሐንዲስ ናም የመጣው ፎቶግራፍ

ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረበት ዘመን፣ ኤካርት ሎይበል የምሥራቁ ወገን ዲፕሎማት ሆኖ የሰሜን ኮሪያ ዋና ከተማ ፒዮንግያንግ ከተሾመ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ኮሪያኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ግብዣ ላይ የሩዝ አረቄውን ሳያንገራግር ይጨልጣል፤ አፉን ግን ይጠብቃል። አለቆቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው። በዚያ የመኸር ጠዋት ግን ፋብሪካ ሊጎበኝ ወደ ሃምሁንግ ከተማ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋው።

«ምነው ጓድ ሎይበል? ባቡሩ ነው ወይስ የትናንቱ አረቄ?» አለው ጓድ ፔክ እየሳቀ። ፔክ፣ ኤካርት በሄደበት ሁሉ የሚከተለው አስተርጓሚ ነው። ኮሪያኛ ለሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ ምን ይሠራለታል ብሎ የጠየቀ የለም።

«አረቄው ነው። እናንተ እንግዳ መግደል ትችሉበታላችሁ» አለ ኤካርት።

ቦርሳው ውስጥ ስለ ኃይል ማመንጫ ተርባይን የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ፣ በመጽሐፉ መሃል የአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ፎቶግራፍ አለ። ለዕረፍት አገሩ በገባ ጊዜ ሮስቪታ የምትባል የድሬስደን ሴት ደጁ ድረስ መጥታ ነው የሰጠችው። ባሏ ናም እዚያ የተማረ ኮሪያዊ ነበር። ልጃቸው ሳትወለድ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዋ ሁሉ ሳይከፈት ይመለሳል። ናም በሃምሁንግ ፋብሪካ መሐንዲስ እንደሆነ ግን ሰምታለች። «እንዲያያት ብቻ» ነበር ያለችው። እምቢ ማለት ነበረበት። አላለም።

ፋብሪካውን ያስጎበኛቸው ራሱ መሐንዲስ ናም ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጀርመንኛው ግን ዛሬም የድሬስደን ነው። ፔክ ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላለም። ኤካርት መጽሐፉን አወጣ።

«ከመሐንዲሶቻችን የተላከ ስጦታ ነው። መሃል ላይ ያለውን ሥዕል ይመልከቱት።»

ናም ገለጠው። ዐይኑ እዚያው ተተክሎ ቀረ።

«ይህ ማሽን... ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥር። ደህና ነው። ምንም ጉድለት የለበትም።»

ናም ጀርባውን ወደ መብራቱ አዙሮ ገጾቹን አገላበጠ፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግቶ መለሰ። «አመሰግናለሁ። ይህ መጽሐፍ እኛም ዘንድ አለ።»

«ከባድ ነው፣ ልያዝልዎት» አለ ፔክ ፈጠን ብሎ።

መጽሐፉ ኤካርት እጅ የገባው ባቡር ላይ ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቢያገላብጠው ፎቶግራፉ የለም። ናም ወሰደው ወይስ ፔክ? ክረምቱን ሙሉ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ መጡ ይል ነበር።

በጸደይ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ሲሄድ ያስጎበኘው ሌላ ሰው ነው። ስለ ናም ለመጠየቅ አልደፈረም። ግቢው ውስጥ ማሽኑ በሚያጓራበት ቦታ ላይ ፔክ ጆሮው ሥር ተጠጋ።

«ናም ለቅጣት ማዕድን ጉድጓድ ተልኳል። ፎቶግራፉን ኪሱ ውስጥ አገኙበት። ተማሪ ሳለሁ ከድሬስደን ይዤው የመጣሁት ነው ብሎ ድርቅ አለ።»

«ያኔ ልጅቱ መች ተወለደች?» አለ ኤካርት።

«እሱን የሚያውቅ የለም፤ ከእርስዎና ከእኔ በቀር። እኔም ሪፖርቴ ላይ ምንም አላየሁም ብያለሁ። እባክዎ ጓድ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።» ኤካርት ሁሌም ይህን ሰው ይፈራው ነበር እንጂ እሱም እንደሚፈራ አስቦ አያውቅም።

ለሮስቪታ «አይቷታል» ብቻ ብሎ ነገራት። ከዚያ በኋላ በሦስት አገር አገለገለ፤ አምባሳደርም ሆነ። ናም ከጉድጓዱ ይውጣ አይውጣ ግን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ኤካርትም እስኪሞት ድረስ ለመጠየቅ ፈራ።