ከስልክ ባትሪ የተፋቀው ጥቁር

ምስራቅ ከገበያ ተመልሳ በሩን ስትከፍት፣ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ግማት ጉሮሮዋ ላይ ተጣበቀ። ባሏ የሻምበል፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ያበጡ የስልክ ባትሪዎችን በቢላዋ ይሰነጥቃል። ሰውየው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሞባይል ሰቆጣ ከገባ ወዲህ ደግሞ የሞተ ባትሪ ሁሉ የሚራገፈው እሱ ዘንድ ነው። እየፋቀ ያወጣው ጥቁር ዱቄት የልጃቸው የሠርካለም የገንፎ ሳህን ላይ ተከምሯል። ልጅቷ መደቡ ላይ ተኝታለች።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?»

«የሬዲዮ ድንጋይ ልሠራ ነው። የደከመውን ድንጋይ በሚስማር በስተን የጨው ውኃ ስናጠጣው ይነሣ የለ? የስልኩ ጥቁር ከዚያ ይበረታል። ባዶውን ድንጋይ በዚህ ብሞላው ክረምቱን ሙሉ ያወራል።»

«በልጄ ሳህን?»

«ይታጠባላ፣ እመቤቴ።»

ምስራቅ የባሏን ሙከራ እየፈራች ልጇን በሐሳቧ ስንቴ ቀብራታለች። ዛሬ ግን ሐሳብ ብቻ አልመስላት አለ።

«ተው፣ ሊቲየም ነው፤ ውኃ አይወድም። አሥረኛ ክፍል ተምረነዋል።»

«ከተማርሽማ ስልኬ ለምን እንደሞተ ንገሪኛ» ብሎ ሳቀና አንዱን ያበጠ ባትሪ በሚስማር ወጋው። እንደለመደው የጨው ውኃ አንጠባጠበበት።

ባትሪው እሽሽ ብሎ ነጭ ጭስ ተፋ። የሻምበል በእግሩ ገፍቶ ወደ ደጅ አስወነጨፈው። ምስራቅ ልጇን አፈፍ አድርጋ በጓሮ በር ወጣች፤ እሱም ተከተላት። ብርሃን ላይ ስታያት የልጅቷ ጣቶች ጠቁረዋል፤ ከንፈሯም ጠርዙ ላይ ጠቁሯል።

«አስነክተሃታል?»

«ሳትተኛ በፊት ትንሽ ነካካችው እንጂ…»

 ምስራቅ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ የልጅቷን ድድና ምላስ ጠረገች። ነጠላው ላይ ግራጫ ነገር ወጣ።

«ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። እስክመለስ ቤቱ ይጠረግ፤ መሬቱም ይፋቅ።»

«የት ልድፋው?»

ወንዙን አሰበች፤ ከብት ይጠጣዋል። ጓሮውን አሰበች፤ ጎመን አለበት።

«ሱቅህ ውሰደው። አንተም እዚያው እደር።»

«ቆይ እንጂ፣ እኔ ልያዝልሽ» ብሎ ልጅቷን ሊቀበላት ተጠጋ።

«መጀመሪያ እጅህን አሽትተው።»

የሻምበል መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ፊቱ ተጨማደደ፤ እጁንም ሰበሰበ። እሷ ልጇን አቅፋ ቁልቁለቱን ጀመረች።